መቃብራችንን በአበባ ያጸኑት የወይዘሮ ሎቪኒያ ዊግፎል የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ሎቪኒያ ጋዝደን ዊግፎል ከአባታቸው ከአቶ ኢስራኤል ጋዝደንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፊሊስ ሚድልተን፣ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1941 በደቡብ ካሮላይና ባሕር ዳርቻ፣ በዚችው በዊልባንክ ደሴታችን ተወለዱ።

ትምህርታቸውን በደሴቲቱ ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ጀምረው፣ በጀልባ እየተመላለሱ በ1959 ሁለተኛ ደረጃን አጠናቀቁ። ጥቂት ዓመታት በሸርጣን ማሸጊያ ከሠሩ በኋላ፣ እስከ ጡረታቸው ድረስ በትምህርት ቤታችን ምግብ ቤት በኃላፊነት አገልግለዋል። እዚህ ከተቀመጠው ምእመን ግማሹ ያደገው የእሳቸውን ሩዝና ባሚያ በልቶ ነው። ሳህኑን ሳይጨርስ የተነሣ ግን አንድም የለም፤ አያስነሡም ነበርና።

በ1963 ከአሣ አጥማጁ ከአቶ ሄዘካያ ዊግፎል ጋር በዚህችው ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጽመው፣ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። አቶ ሄዘካያ በ2009 ሲያርፉ የተቀበሩት በመቃብር ቦታችን ጫፍ፣ በባሕሩ በኩል ነው። ባሕሩ በየዓመቱ አሸዋውን እየገዘገዘ ሲጠጋቸው አክስቴ ወይዘሮ ሎቪኒያ እንቅልፍ አጡ። ምኞታቸው አንድ ነበር፦ ባላቸውን ባሕር ሳይወስድባቸው ከጎናቸው ማረፍ።

መፍትሔውን ያገኙት እዚያው አሸዋው ላይ ነው። የወርቅ ዘንግ የምንለው የባሕር ዳር ቢጫ አበባ በበቀለበት ቦታ አሸዋው ንቅንቅ እንደማይል አስተዋሉ። አበባው ደርቆ እንደ ጥጥ ሲሆን ዘሩን በወረቀት ከረጢት እየለቀሙ፣ በአሮጌ የትምህርት ቤት ትሪዎች ያፈሉት ጀመር። እኛን የእህታቸውን ልጆች ሲያሠሩን፣ "አትቅበሩት፣ ብርሃን ይፈልጋል! በላዩ በትኑና ተዉት" ይሉን ነበር። ችግኙን በጸደይ በባላቸውና በአጠገቡ ባሉት መቃብሮች ዙሪያ ተከሉት። በመከር ወደ ደቡብ የሚጓዙት ብርቱካናማ ቢራቢሮዎች እየሰፈሩበት፣ ንቡም ወፉም የሚቀለብበት ሆነ።

በእኛ ዘንድ ግን ደጅም መቃብርም ተጠርጎ ንጹሕ አሸዋ ብቻ መታየት አለበት። ቅጠል የበቀለበት መቃብር ዘመድ የሌለው ሰው መቃብር ነው። ስለዚህ አክስቴ ታሙ፤ "ሎቪ ባሏን ረሳችው" ተባለ። በ2015 የጽዳት ቀን ዲያቆን ሩፎስ ሲሞንስ ወንዶቹን አስከትለው መጡና አበባውን ከነሥሩ ነቀሉት። አክስቴ የደረሱት የባላቸው መቃብር ብቻ ሲቀር ነው። መጥረጊያው ፊት ቆመው፣ "ሩፎስ፣ ዲያቆን ብትሆንም ምሳህን ያበላሁህ እኔ ነኝ። ይቺን ብትነካ ውርድ ከራሴ!" አሉ።

ዲያቆኑም፣ "እትዬ ሎቪ፣ ለእርስዎ ክብር ብዬ እኮ ነው። ሰው ምን ይላል?" ቢሏቸው፣ "ሰውማ ይበል። ባሕሩ ነው ምንም ሳይል የሚወስደው" ብለው መለሱ።

በዚያው መከር ማዕበል መጣ። በማግስቱ ስንሄድ የተጠረገው ወገን ተንዶ፣ የዲያቆኑ እናት የመቃብር ድንጋይ ውኃ ውስጥ ወድቆ አገኘነው። የአቶ ሄዘካያ መቃብር ግን እንዳለ ነበር። ዲያቆን ሩፎስ አካፋ ይዘው አክስቴ ደጅ ቆሙ፤ "እትዬ፣ ከየት ልጀምር?" አሉ። አክስቴ ባዘነ ሰው ላይ ነገር አይጨምሩም፤ የችግኝ ትሪ አስያዟቸው። የመጀመሪያው ችግኝ የተተከለው አሸዋው ተሞልቶ ድንጋዩ ተመልሶ በቆመበት በዲያቆኑ እናት መቃብር ዙሪያ ነው። ዛሬ በዚህ መቃብር ቦታ አበባ ያልተከለ ቤተሰብ የለም።

ባለፈው ዓመት ልባቸው ሲደክም ልጃቸው ወይዘሮ ድሩሲላ አትላንታ ወስደው ሊያስታምሟቸው ቢለምኗቸው፣ "እዚያ ብሞት መልሳችሁ ለማምጣት ትቸገራላችሁ" ብለው እምቢ አሉ። ኦክቶበር 6 ቀን 2023፣ በተወለዱ በ82 ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት በቤታቸው አረፉ። ሦስት ልጆችንና ሰባት የልጅ ልጆችን ትተውልናል። እኔንም ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ በጣም ይናፍቁኛል።

ዛሬ ጠዋት መቃብራቸው ከአቶ ሄዘካያ ጎን ተቆፈረ፤ ቦታው አለ። ቢጫው አበባ ፈክቶ ቢራቢሮዎቹ ሰፍረውበት ስለነበር ቆፋሪዎቹ እስኪነሡ ጠበቁ። እንደ ልማዳችን፣ መጨረሻ ውኃ የጠጡባት ሰማያዊ ኩባያ በላያቸው ትቀመጣለች። አደራቸው አንድ ነው፦ መቃብራቸውን ማንም እንዳይጠርገው። ዲያቆን ሩፎስ መጥረጊያዎቹን ቆልፈውባቸዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በማይናድ ስፍራ ያሳርፍልን።