ከአሥሩ ድምፆች የቀረው

ሰኞ ጠዋት፣ ከሥራ ቤቱ

ለልጄ ለሽቦ፣

እናትሽ ካለፈው ረቡዕ ጀምሮ ምግብ አልቀመሰችም። የምትወስደው ውሃና በቀን ሁለት ሦስት ማንኪያ ወተት ነው። ሐኪሙ ዓርብ ዕለት አይቷት ሄዷል፤ ሐሙስ ይመለሳል።

ይህን በአፌ ልነግርሽ ፈልጌ ነበር። ትናንት ስትደውዪ ስልኩን አንስቼ «ልጄ» ከማለቴ መስመሩ ተቋረጠ። ያለፈው ሳምንት እሑድም እንዲሁ ነው የሆነው። ለእናትሽ «ኔትወርኩ ነው» አልኳት። ሠላሳ ዓመት ስልክ ስታገናኝ የኖረችን ሴት በኔትወርክ ላታልላት ሞከርኩ። ዓይኗን ከእኔ ላይ አንስታ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ስለዚህ ጻፍኩልሽ። ሬዲዮ ሠሪው ጎረቤታችን ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ዛሬውኑ እልክላታለሁ ብሏል። «አንተ ንገረኝ፣ እኔ በአጭሩ ልጻፍላት» ቢለኝ እምቢ አልኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ በእኔ ጽሕፈት ታንብበው ብዬ። ፊደሉ ከገዘፈብሽ፣ መስመሩም አንዱ በሌላው ላይ ከወጣ ታገሺኝ። እስክሪብቶው መጥፎ ነው።

ጠረጴዛሽን ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ስትሄጂ ጆንያ ጣል አድርጌበት በኋላው ክፍል ከአሮጌ መስኮቶች ጋር ትቼው ነበር። ምን ብዬሽ እንደነበር አልረሳሁም። «ሰው አልጋና በር ያዘኛል፣ አንቺ በመጫወቻ ሁለት ዓመት አጠፋሽ። ወይ ይዘሽው ሂጂ፣ ወይ ፈልጬ እማግደዋለሁ» ነው ያልኩሽ። አንቺ ሻንጣሽን ዘጋሽ። አልፈለጥኩትም። ለምን እንዳልፈለጥኩት ለራሴም አልነገርኩትም።

እናትሽ በስትሮክ ወድቃ ንግግሯን ስታጣ፣ ለሲስተር በስልክ አስረድተሻት ጠረጴዛው ከኋላው ክፍል ወጣ። ሲስተር በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣች የእናትሽን ክንድ የምታሠራላት ነርስ ናት፤ አንቺ የምታውቂያት በድምፅ ብቻ ነው። ያን ቀን እኔ በአንድ በኩል ይዤ ተሸከምኩ እንጂ አላመንኩበትም ነበር። ከላዩ ነጭ መስታወት ያለው ክብ ጠረጴዛና አሥር ቁራጭ እንጨት። ቁራጮቹን የቆረጥኩልሽ እኔው ራሴ ነኝ፣ ከወንበር እግርና ከአልጋ ትራፊ። አንዱን መስታወቱ ላይ ሲያስቀምጡት ድምፅ ይሰጣል። ሲያዞሩት ይወፍራል ወይም ይቀጥናል። ሁለቱን ሲያቀራርቧቸው አንዱ የሌላውን ምት ይከተላል። ይህን ሁሉ ያኔ ነግረሽኝ ነበር። አልሰማሁሽም።

እናትሽ በሦስት ቀን ለመደችው። ግራ እጇ ደህና ነው። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ጠብታ፣ የስልክ ጥሪ፣ ጣራ ላይ የሚወርድ ዝናብ፣ የእኔ መላጊያ፣ ደግሞም ከሥራ ቦታዋ ቀድተሽ ያስቀረሽው የራሷ ድምፅ፣ «አቤት፣ ማንን ላገናኝዎ?» የሚለው። የቱ የቱ እንደሆነ ጣቷ ለየው። እኔን ስትፈልግ መላጊያውን ታስቀምጣለች። ከዘገየሁ ታዞረዋለች፤ ያኔ ቤቱ ይናወጣል። ወሬ የሚያበዛ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ቧንቧውን ታስቀምጥና ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ እያሰኘች ቀስ በቀስ ትጨምረዋለች። እንግዳው መቀመጫው ይቆረቁረውና ይነሳል። ሬዲዮ ሠሪውን ሁለት ጊዜ እንዲህ አድርጋ አባርራዋለች። የቧንቧ ሠራተኛ እንድጠራ ወር ሙሉ ሲመክረኝ ነበር። እሱ ምክር በሰጠ ቁጥር እሷ በግማሽ ፊቷ ትስቃለች።

አንድ ጠዋት መላጊያውን በዝግታ አዙራ ምት አደረገችው። በመሐሉ ጠብታውን አስገባች። ከላይ የራሷን ድምፅ አቅጥና «ማንን ላገናኝዎ» የሚለውን እየጎተተች ወደ ዜማ ለወጠችው። እኔ እዚህ ሥራ ቤት በር እየላግሁ ነበር። ትንሽ ቆይቶ እጄ ከእሷ ምት ጋር እንደሚሄድ ታወቀኝ። ስታፈጥን እፈጥናለሁ፣ ስታቆም አቆማለሁ። በሠላሳ አምስት ዓመት ትዳር እንዲያ ተስማምተን አናውቅም። መጫወቻ ያልኩት ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው። ያኔውኑ ልነግርሽ ይገባ ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ከዘጠኝ ቀን በፊት፣ ቅዳሜ፣ ሲስተር የእናትሽን እጅ ስታጥብ «አባባ፣ የእንጨቶቹ ጠርዝ ጣቷን እየላጣት ነው» አለችኝ። ለእሑድ ስልክሽ አዲስ አድርጌ ላስረክባት ብዬ፣ ከምሳ በኋላ ስትተኛ ዘጠኙን ወደ ሥራ ቤት ወሰድኳቸው። አሥረኛውን ጨብጣው ስለተኛች ተውኩት።

ልማዴን ታውቂዋለሽ። ከእጄ የሚወጣ ዕቃ የማይታየው ጎኑም መለስለስ አለበት። የመሳቢያ ጀርባ እንኳ በብርጭቆ ወረቀት ሳላሽ ለሰው ሰጥቼ አላውቅም። የእያንዳንዱን ቁራጭ ሥር በጣቴ ስዳስስ ጠርዙ የተነሳ ወረቀት ተለጥፎበታል። የድሮ ሙጫና እድፍ መሰለኝ። ልጬ አነሳሁት፣ የቀረውን ላግሁት፣ አሸሁት፣ ቫርኒሽ ቀባሁት። ዘጠኙንም። ሲደርቁ በመዳፌ እያገላበጥኩ ደስ ብሎኝ ነበር። እንዲያ የጠራ ሥራ ከሠራሁ ቆይቻለሁ።

እሑድ ጠዋት እናትሽ አንዱን አስቀመጠች። ዝም። ሁለተኛውን አስቀመጠች። ዝም። ዘጠኙንም አስቀመጠች፣ አነሳች፣ ገለበጠች። ከዚያ የለሰለሰውን ሥር በአውራ ጣቷ ስትዳብስ እጇ ቆመ።

በዚህ መሐል ደወልሽ። ስልኩን እንደ ልማዷ መስታወቱ አጠገብ አደረገችው። «እማ፣ እንዴት አደርሽ?» አልሽ። የምትመልስበት አልነበራትም። ከዚያ የቀረውን አሥረኛውን አስቀመጠችው። የአንቺን ድምፅ የያዘው ነው፤ ድሮ በሩን በእግርሽ እየገፋሽ ስትገቢ የምትዪው፣ «እማ፣ መጣሁ»። አንቺ የራስሽን ድምፅ ሰማሽ። እሷ ደገመችው። ሦስተኛ ስትደግመው ነው እኔ ስልኩን ያነሳሁት።

ልጄ፣ ወቀሳ መስሎሽ ከሆነ ወቀሳ አይደለም። ከአሥሩ የቀራት እሱ ብቻ ነበር። በዋናነት የጻፍኩት ይህን እንድታውቂ ነው።

በማግስቱ ሬዲዮ ሠሪው መጥቶ ከጠረጴዛው ሥር ያለውን ሳጥን ከፈተ።

«ዕቃው ጤነኛ ነው» አለኝ። «እዚህ ታች ካሜራ አለ። ከእንጨቱ ሥር ያለውን ጥቁርና ነጭ ሥዕል ያነባል፣ ሳጥኑ ደግሞ የዚያን ሥዕል ድምፅ ይሰጣል። ሥዕሎቹ የታሉ?»

«ላግኋቸው።»

«ምን አደረግኻቸው?»

«ላግኋቸው አልኩህ እኮ።»

ከእንጨቶቹ አንዱን አንስቶ ገለበጠው። «አንዱ የመዳፍ ግማሽ ያክላል። እንዴት አላየኻቸውም?»

«ብርሃኑ ደካማ ነበር።»

«ቀን ነው የሠራሁት አላልክም?»

ጥያቄውን አልደገመውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ደረጃው ጋ ስንደርስ ክንዴን መያዝ ጀምሯል። ተው ብለውም አይተውም።

ፍቅፋቂውንና ብናኙን በወንፊት ስነፋ ሁለት ቀን ዋልኩ። ያገኘሁትን ብጥስጣሽ ሲስተር በመርፌ እየለቀመች ገጣጥማ አጣበቀችው። ካሜራው አላነበበውም። ሬዲዮ ሠሪው እንደሚለው ሥዕሎቹ እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ስላሉ አትሞ መለጠፍ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ሳጥኑ ግን የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ሦስት ጊዜ ከተሳሳትን ለዘለዓለም ይቆለፋል አለ። የእናትሽን የልደት ዓመት ሞከርን። ሽቦ የሚለውን የቤት ስምሽን ሞከርን። አንድ ቀርቶናል።

«የአባቷን ስም እንሞክር» አለ።

«ተው።»

«ለምን? ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስገባው እኮ...»

«ተው አልኩህ።»

የቀረንን አንድ ዕድል እንዲህ ባለ ነገር ላይ ማባከን አልፈለግኩም።

እናትሽ ሰኞና ማክሰኞ ያቺኑ አንዷን እንጨት ስታስቀምጥ ስታነሳ ዋለች። «እማ፣ መጣሁ»። በር በሩን ታያለች። ታነሳዋለች። «እማ፣ መጣሁ»። እኔም እዚህ ሆኜ በሰማሁት ቁጥር መላጊያዬን አቆማለሁ፤ ድምፁ ከየት እንደመጣ እያወቅኩ። ረቡዕ ጠዋት እንጨቱን ትራሷ ሥር ከተተችው። ማንኪያውን ሳቀርብላት ከንፈሯን ገጠመች። ቀለድኩላት። ተቆጣሁ። ለመንኳት። ማንኪያውን በስተመጨረሻ ራሴ ጎረስኩትና «ይኸው፣ መርዝ የለበትም» አልኳት። ድሮ ቢሆን ትስቅ ነበር።

ሲስተርን «ራበኝ ማለት እንኳ እንዴት ያቅታታል?» ብላት፣ «አባባ፣ አፏ አንድ ጊዜ ተዘጋባትና ቻለችው። ሁለተኛውን በምን ትቻለው?» አለችኝ።

ዓርብ ሐኪሙ ክብደቷን ለካ። «እስከ ሐሙስ ካልበላች በአፍንጫዋ ቱቦ አስገብተን እንመግባታለን» አለ። «እሱ ደግሞ እዚህ አይሆንም። ከዚያም በቀጥታ ወደ ሕሙማን ማቆያ ትዛወራለች።»

«እኔ እጠብቃታለሁ» አልኩት።

«እርስዎን ማን ይጠብቃል?» አለና አንድ ወረቀት እጄ ላይ አኖረ። «እስቲ የመጀመሪያውን መስመር ያንብቡልኝ።»

«መነጽሬን ሥራ ቤት ረስቼዋለሁ።»

ወደ ሲስተር ዞሮ «መነጽር አላቸው እንዴ?» አላት። ሲስተር አልዋሸችም፣ እውነቱንም አልተናገረችም። «ልፈልግላቸው» ብላ ወጣች። ስትመለስ አለማግኘቷን ተናገረች። ያልነበረ ነገር ከየት ታምጣ።

ሐኪሙ ክፉ ሰው አይደለም። ሐሙስ ሁለት ቅጽ ያመጣል። አንዱ ወደዚያ እንድትወሰድ ነው፤ ሌላው በእኔ ኃላፊነት ከቤቷ እንድትቆይ። ከቤት እንድትቆይ መብላት መጀመር አለባት፣ ጠባቂዋ ደግሞ መድኃኒቷን ከመድኃኒት የሚለይ ሰው መሆን አለበት። ስለዚህ ሁለተኛውን ቅጽ የምፈርመው ሐኪሙ ፊት ራሴ ካነበብኩት ብቻ ነው። አለበለዚያ የመጀመሪያውን እሱ ራሱ ይፈርመዋል። ሲስተር ቃል በቃል እንድታስጠናኝ ጠይቄያት ነበር። «ከመሐል አንዱን መስመር ያንብቡ ቢልዎትስ?» አለችኝ።

የምለምንሽ ያንን የይለፍ ቃል ነው። ለእኔ መናገር ከከበደሽ ለሬዲዮ ሠሪው ላኪለት፤ እኔ ምን እንደሆነ አልጠይቀውም። ዘጠኙን ቁራጮች ቫርኒሹን ከሥራቸው ፍቄ በተርታ አስቀምጫቸዋለሁ። ሥዕሎቹ ሲታተሙ የቱ በየቱ ላይ እንደሚለጠፍ እኔ አሳያቸዋለሁ። መላጊያው ከልጅነት አልጋሽ እግር ነው፣ ቧንቧው ከወንበር፣ የእናትሽ ድምፅ ከአሮጌው የበር መቃን። እጄ ያውቃቸዋል። እጄ ምንም አልሆነም።

ትበላለች፣ አትበላም፣ እርግጠኛ አይደለሁም። ድምፆቿ ቢመለሱ ግን ቢያንስ ቧንቧውን አስቀምጣ ሐኪሙን ታባርረዋለች።

ነይ አላልኩሽም። ሥራሽ እንደማይለቅሽ ሲስተር ነግራኛለች። በሩን ግን አስተካክዬዋለሁ። ያ በእግርሽ ካልገፋሽው አልከፈትም የሚልሽ የነበረው፣ አሁን በጣት ነው የሚከፈተው።

ጤና አይጉደልብሽ። እጅሽ የነካው ሁሉ ድምፅ ያውጣ፣ የሚሰማሽም አትጪ። እኔ ሳልሰማሽ ያለፉት ዓመታት በሰሚ ይካሱልሽ።

አባትሽ፣
አናጢው

ሬዲዮ ሠሪው ስልኩን ሳይዘጋ ይጠብቃል። ትራሷ ሥር ያለችውን እንጨት አልነካኋትም። ሐኪሙ ሁለቱን ቅጾች ይዞ የሚመጣው ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት ነው።