ለቅዳሜው ጉዞ የተገዛ ኮምፒውተር

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

አራት ሱቅ ገባሁ። አራቱም ዋሹኝ።

የመጀመሪያው "ይሄ የጌም ነው" አለኝ። በምን ታወቀ ብዬ ስጠይቀው ሣጥኑ ላይ የሚበራውን ቀይና ሰማያዊ መብራት አሳየኝ። ሁለተኛው ውስጡ ምን እንዳለ ሳይነግረኝ ዋጋ ጠራ። ሦስተኛው "ለልጅዎ ነው፣ አባባ?" አለኝ። አባባ! ገና ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። አራተኛው አዲስ ነው ብሎ ያወጣውን አገላብጬ ሳየው የብሎኖቹ ራስ ተበልቷል። ያልተፈታ ብሎን ራሱ አይበላም። ይህን ስነግረው ተቆጣ። እኔም ተቆጣሁ። ሰው ተሰበሰበ።

ሃያ ስድስት ዓመት የገበያ ሚዛን ስመረምር ኖሬያለሁ። ከሥር የተለጠፈ እርሳስ፣ ሆን ተብሎ የላላ ስፕሪንግ፣ የተሞረደ መመዘኛ፣ ሁሉንም አይቻለሁ። አጭበርባሪ ከሩቅ ይሸተኛል።

ለምን እንደምገዛ ልጻፈው፤ ለራሴም ግልጽ ይሁንልኝ። ልጄ ቤዛ የምትኖረው ሐዋሳ ነው። ለፋሲካ መጥታ የባንክ ሥራዋን ትታ ችግኝ ማፍላት እንደጀመረች ነገረችን። እህቴና ባሏ፣ ሌሎችም እንግዶች ማዕድ ላይ ነበሩ። "ያን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩሽ አፈር እንድትጭሪ ነው?" አልኳት። ሌላም ተናገርኩ። ሳህኗን አስቀምጣ ወጣች። ከዚያ ወዲህ በስልክ "ደህና ነሽ"፣ "ደህና ነህ"፣ "እማዬን አቅርባት" ብቻ ነው።

ትናንት ባለቤቴ አልማዝ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ ታወራት ነበር። ቤዛ ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በኮምፒውተር የጭነት መኪና ትነዳለች። ጌም ነው። ሌላ ከተማ ያለ ሰው በራሱ ኮምፒውተር ገብቶ አብሯት መንዳት ይችላል። "አባዬም ኮምፒውተር ቢኖረው አብረን እንነዳ ነበር" አለች። እዚያው መቀመጤን ታውቅ እንደሆነ እንጃ። ተነሥቼ ደጅ ወጣሁና ምንም ያልሆነውን ቧንቧ አጠበቅኩ። ስመለስ "ቅዳሜ በስንት ሰዓት ነው የምትነዳው?" ብዬ ጠየቅኩ።

"ስምንት ሰዓት" አለች አልማዝ፣ ቀና እንኳ ሳትል።

የዓመት ፈቃድ ላይ ነኝ። እስከ ቅዳሜ ጊዜ አለኝ። ምን ልግዛ ብዬ ቤዛን አልጠይቅም። ገዝቼ፣ ገጥሜ፣ በሰዓቱ መገኘት ነው የምፈልገው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ጠዋቱን ሙሉ በስልኬ ሳነብ ዋልኩ። የገባኝ፦

ፕሮሰሰሩ ያስባል፤ ሥዕሉን የሚሠራው ግራፊክስ ካርዱ ነው። ለጌም ዋናው ካርዱ ነው።
ራም፣ ማለትም ሲሠራ የሚይዝበት ማስታወሻ፣ አሥራ ስድስት ጊጋ ለእኔ ይበቃኛል።
ቀይና ሰማያዊው መብራት ለምንም አይጠቅምም።

ያልገባኝ፦ የካርዶቹ ስም ቁጥር ነው፤ ግን ትልቁ ቁጥር ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም። ይህን ያወጣ ሰው ሚዛን ላይ ቢመደብ ገበያው ይዘጋ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወደ ፒያሳ ወጣሁ። የእንጨት ደረጃው የሚንቋቋ አሮጌ ፎቅ ላይ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች። ባለቤቷ ዘይነባ ትባላለች፤ የስልጤ ልጅ ናት፤ ሠላሳ አምስት ቢሆናት ነው። ሒጃብ የለበሰች፣ እጇ ፈጣን። ብሎን መፍቻዋን ሳታስቀምጥ ቀና ብላ አየችኝ።

"ምን ጌም ነው የሚጫወቱት፣ ጋሼ?"

በሁለት ቀን አምስተኛ ሱቄ ነው፤ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። የጭነት መኪና መንዳት ነው አልኳት። አልሳቀችም። "እሱማ ቀላል ነው፤ መካከለኛ ካርድ ይበቃዎታል። ትልቁን ብሸጥልዎ እኔ ነኝ የምጠቀመው" አለች። መብራት ሲሄድ በድንገት እንዳይጠፋብኝ ደግሞ ለጥቂት ደቂቃ የሚይዝ ባትሪ ይውሰዱ አለችኝ።

ክፈችው አልኳት። ከፈተችው። ካርዱን ንቀይና አሳዪኝ አልኳት። ነቀለችው። ቁጥሩን በማስታወሻዬ ጻፍኩ። የራሙንም ጻፍኩ። ኃይል የሚያከፋፍለውን ፓወር ሰፕላይ ስጠይቃት በረጅሙ ተነፈሰች።

"ጋሼ፣ ኮምፒውተር እኮ ነው፤ ሥጋ አይደለም። አጥንት አልደባለቅኩበትም።"

ሳልፈልግ ሳቅኩ። ነገ እመጣለሁ ብያት ወጣሁ። ደረጃውን ስወርድ የምጠራጠርበት ነገር አጥቼ ከፋኝ ልበል?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ገዛሁ። እፊቴ አስነሥታ ጌሙን ከፈተችው፤ መኪናው እንደ ዘይት ሄደ። ቁጥሮቹን ከማስታወሻዬ ጋር አመሳከርኩ። አንድም አልተለወጠም።

"ቤት መጥቼ ልግጠምልዎ? ቅርብ ነው ብለውኝ የለ" አለች።

"በፊዚክስ ዲግሪ አለኝ" አልኳት።

"እሺ ዶክተር" ብላ በእጇ የጻፈችበት ወረቀት አጥፋ ሰጠችኝ። ጃኬቴ ኪስ ከተትኩት።

ከእሪ በከንቱ ሰፈር በላይ ባለው መንገድ በታክሲ አመጣሁት። ሞኒተሩን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አቆምኩ። ገመድ ሁሉ ቀዳዳውን ይመስላል፤ ልክ ያልሆነው አይገባም። ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። በራ! አልማዝ አጨበጨበች።

ከዚያ ጌሙን ከፈትኩ። መኪናው አይሄድም፤ ይዘላል። መሪውን ሳዞር ቆይቶ ነው የሚታዘዘኝ። ዛፉ አንዴ እዚህ ነው፣ አንዴ እዚያ። እንደ ድሮ የፎቶ አልበም ገጽ በገጽ ነው የሚገለጠው። አጠፋሁ፣ አበራሁ። ሦስቴ።

ሱቁ ውስጥ እንደ ዘይት ሄዶ ነበር። ታዲያ በመሐል ምን ተለወጠ? ስታሽገው ለአንድ አፍታ ስልክ ሳነሣ ዞር ብዬ ነበር። አውቄዋለሁ። ካርዱን ያኔ ነው የለወጠችው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ሱቋ ገና እንደተከፈተ ደረስኩ። ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ አንዷ ሴት ላፕቶፕ መርጣ ቦርሳዋን እየከፈተች ነበር።

ያልኩትን እጽፋለሁ። "ትናንት ያሳየሽኝ ሌላ፣ ያሸከምሽኝ ሌላ" አልኩ። "በሚዛን ስንቱን ሌባ አይቻለሁ፤ እንዳንቺ ያለ ግን አላየሁም" አልኩ። ድምፄ ደረጃው ድረስ ይሰማ ነበር።

ዘይነባ አልጮኸችም። "ጋሼ፣ የሞኒተሩን ገመድ የት ሰኩት?" አለች።

"እንደ ተማሪ አትፈትኚኝ!"

"ያምጡትና እዚሁ እንየው።"

"የማመጣው ለሚመለከተው አካል ነው።"

ላፕቶፕ የያዘችው ሴት ዕቃውን ባንኮኒው ላይ መልሳ፣ ቦርሳዋን ዘግታ ወጣች። ዘይነባ በዓይኗ ተከተለቻት። ከዚያ ብሎን መፍቻዋን አንሥታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ቤት ገብቼ ሻይ ጠጣሁ። አልማዝ ልብስ ልታጥብ ጃኬቴን ስትፈትሽ ወረቀቱን አገኘችው። መነጽሯን አድርጋ ጮክ ብላ አነበበችው። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ቀስ አለች።

"'የሞኒተሩን ገመድ ከላይ ካለው ቀዳዳ እንዳይሰኩ። እሱም ሥዕል ያወጣል፣ ግን ከካርዱ አይደለም። ከታች ካርዱ ላይ ካለው ነው የሚሰካው።' ሁለቴ አስምራበታለች።"

ተንበርክኬ ከኋላ አየሁ። ሁለት አንድ ዓይነት ቀዳዳ፤ አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች። የኔ ገመድ የተሰካው ላይኛው ላይ ነው። ነቅዬ ታች ሰካሁት። ጌሙን ከፈትኩ። እንደ ዘይት።

አልማዝ ወረቀቱን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።  ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ተመልሼ ሱቁ በር ላይ መቆም አልችልም አልኩ። ምን ብዬ እገባለሁ? ስለዚህ እኛ ጋ የሚደረገውን አደረግኩ፤ ሽማግሌ ላክሁ። ጎረቤቴን ጋሽ በቀለን ለመንኳቸው። እሳቸው ደግሞ "ልጅቷ ስልጤ ናት ካልከኝ አቶ ሙዘይንን ይዤ እሄዳለሁ፤ የአገሯን ቋንቋ ያውቃል" አሉ። ሁለቱም ነጭ ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ።

ምሳ ሳይደርስ ተመለሱ። ጋሽ በቀለ ከሳቃቸው የተነሣ መቆም አቅቷቸው ግድግዳውን ተደገፉ።

"ደረጃውን ወጥተን ከበሩ ስንቆም ጎረቤት ያለው ሰዓት ሠሪ አየን። 'ዘይነባ! ሽማግሌ መጣልሽ!' ብሎ ሕንፃውን አነቃነቀው። ከየሱቁ ሰው ወጣ። አንዷማ እልል አለች! እሷ ብሎን መፍቻዋን ይዛ 'አባቶቼ፣ ሁለት ልጅ አለኝ፤ ባሌም በሕይወት አለ' አለችን።"

"ለዕርቅ መሆኑን አልነገራችኋትም?"

"ነገርናት እንጂ" አሉ አቶ ሙዘይን። እሳቸው አልሳቁም። "አክብራ አስቀመጠችን። መልሷ ግን ይሄ ነው፦ 'የሰደቡኝ እሳቸው ናቸው፤ እናንተ ምን አደረጋችሁኝ? ሲሰድቡኝ ሰው ነበረ። ይቅርታ ሲሉኝም ሰው ይኑር።'"

ጋሽ በቀለ ሳቃቸውን ተዉ። "ልክ ናት" አሉ።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሱቋን መልሳ እንደምትከፍት አውቃለሁ። ሄድኩ። ባዶ ነበር። ደረጃው ላይ ቆሜ ጠበቅኩ፤ ሐሙስ ዕለት ሦስት ሰው ነበር፣ ዛሬም ሦስት መሆን አለበት። ሁለት ገቡ። ሩብ ሰዓት ያህል ሌላ አልመጣም። በመጨረሻ ሰዓት ሠሪውን ጠራሁት።

"እኔን ደግሞ ለምን?" አለ።

"ሦስተኛ ሁነኝ።"

ገባሁና ተናገርኩ። ሐሙስ ሌባ ያልኳት ሐሰት ነው፤ ገመዱን ያለቦታው የሰካሁት እኔ ነኝ፤ የጻፈችልኝን ወረቀት አላነበብኩም፤ ይቅርታ።  በሃያ ስድስት ዓመት ነጋዴ ፊት ቆሜ ተሳስቻለሁ ብዬ አላውቅም።

ዘይነባ እስክጨርስ አዳመጠችኝ። ከዚያ "ፊዚክስ ላይ ገመድ የለም እንዴ፣ ጋሼ?" አለች። ሰዓት ሠሪው ባንኮኒውን በጡጫ እየመታ ሳቀ። እሷም ፈገግ አለች፤ ግን ብዙ አልቆየም።

ላፕቶፑን ትታ ስለሄደችው ሴት ጠየቅኳት። ዘይነባ ደውላላት ነበር። ሴትየዋ ሌላ ቦታ ገዝታለች። የሷን ስልክ ስጪኝና ልንገራት አልኳት። ሰጠችኝ። ደወልኩ። ሴትየዋ "እሺ፣ ሰምቻለሁ" ብላ ዘጋችው። ያ አልተጠገነም፤ እንደሆነው ጻፍኩት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ከጠዋት ጀምሮ የፈራሁት መብራት እንዳይሄድ ነበር። አልሄደም። ስምንት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ገባሁ። የቤዛ መኪና አረንጓዴ ናት፤ መንገድ ዳር ቆማለች።

"አባዬ?" አለች በድምፅ ማጉያው። "አንተ ነህ? የእውነት?"

"በሰዓቱ መጥቻለሁ" አልኩ። 

ተነሣን። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ የመንገዱን ብረት ገጨሁ። ቀጥሎ ምልክቱን። ቤዛ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት ጃንሜዳ መኪና ሳስተምራት ያን ያህል ስለጮኽኩባት ከመሐል ሜዳ ወርዳ በእግሯ ቤት ገብታለች። አሁን "አይዞህ፣ ቀስ በል፤ ፍሬኑ በግራ እጅህ ያለው ቁልፍ ነው" ትለኛለች። አልጮኸችም። አንዴም።

ማን እንደገጠመልኝ ጠየቀችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ወረቀቱን፣ ስድቡን፣ ሽማግሌዎቹን፣ እልልታውን። እስክታስል ሳቀች። አልማዝም ከኋላዬ ሆና ሳቀች። "ሦስት ሰው ቆጠርክ? አባዬ ሙት፣ ቆጠርክ?" ትላለች።

ከዚያ ሳቁ አለቀና መንገዱ ብቻ ቀረ።

"የፋሲካውም እንዲሁ ነው" አልኩ።

"የፋሲካው ምኑ?"

ለማምለጥ መንገድ አልተወችልኝም። "በችግኙ የተናገርኩሽ። ጥፋት ነው። ይቅር በይኝ። ደግሞ እዚህ ብቻዬን ማለቴ አይበቃም፤ ያኔ ሰው ነበረ። ለገና አክስትሽን፣ ባሏን፣ እነዚያኑ እንግዶች እጠራለሁ። ብትመጪ እዚያው ማዕድ ላይ እለዋለሁ።"

  አረንጓዴዋ መኪና ከፊቴ ፍጥነቷን ቀነሰች፤ የኋላ መብራቷን እያበራች እያጠፋች ዳር ያዘች። እኔም ከኋላዋ ቆምኩ። ትንፋሿ ይሰማኛል።

"ገና ሩቅ ነው" አለች በመጨረሻ፣ በቀጭን ድምፅ። "ችግኝ የሚያጠጣልኝ ሰው ማግኘት አለብኝ። እንጃ።" አፍንጫዋን ሳበች። "ቀድመኸኝ ሂድ አባዬ። ከፊት ሆነህ ንዳ፤ እኔ እከተልሃለሁ።"

ቀድሜ ሄድኩ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ጭነቱን አደረስን፤ የኔ ግማሹ ተጎድቷል።

አሁን ለእህቴ ደውዬ ለገና ጠርቻታለሁ። ቤዛ ትመጣለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። ስንለያይ ግን ቤዛ "ቅዳሜ በስምንት?" ብላኛለች።