የሊቀመንበሩን ሚስት ብቻ ለሚመረምሩት ጓድ ሐኪም

ለተከበሩ ጓድ ዶክተር አምባዬ
ባሉበት

ጓድ ዶክተር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ፣ ከምርመራዎ ብዛት የተነሣ የማህፀኔን ጠባይ ከራሴ አብልጠው የሚያውቁልኝ ሸዋወርቅ፣ ወገቤን ትንሽ ከማመሙ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ መላክ ሲገባኝ በቀበሌያችን የግድግዳ ጋዜጣ ላይ መለጠፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። ባለፈው በቀበሌው አዳራሽ ስለ እናቶች ጤና ሲያስተምሩን፣ ስሟን አልጠራም ብለው፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን የምትኖረው የሊቀመንበሩ ባለቤት መካን መሆኗን ለሕዝቡ በምሳሌነት አስረድተዋል። ምሥጢሬን እንዲህ አድርገው ስለጠበቁልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ነገሩ በአዳራሽ ከተጀመረ ዘንዳ መልሱም ከዚያው ሠፈር እንዳይርቅ ብዬ ነው።

የቀረውን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ/ በመጀመሪያ ማህፀንሽ በርዶታል ብለው ሶደሬ ፍል ውሃ ላኩኝ። ቆዳዬ እስኪላጥ ተቀቅዬ ስመለስ ደግሞ ሙቀት በዝቶበታል፣ ማን ፍል ውሃ ግቢ አለሽ ብለው ተቆጡኝ። እርስዎ ነዎት ብል፣ ታካሚ ከሐኪም ጋር አይከራከርም አሉኝ። እውነትዎን ነው። ማህፀኔም ቢሆን የትኛውን እንደሚፈልጉ ቀደም ብለው ቢነግሩት ኖሮ ይህን ያህል ባላስቸገረዎ ነበር።

2ኛ/ እግሬን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ እንድተኛ አዘዙኝ፤ ሰቀልኩ። ጎረቤቴ ቀመሪያ የቀበሌ ስኳር መምጣቱን ልትነግረኝ ብትገባ፣ ወድቄ የሞትኩ መስሏት ያ ረቢ ብላ ጩኸቷን ለቀቀችው። ሠፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ፤ አብዮት ጠባቂው መርዳሳም ጠመንጃውን አቀባብሎ ደረሰ። የሕክምናውን ጥቅም ለተሰበሰበው ሕዝብ ያስረዳሁት እግሬን ሳላወርድ ነው። ትእዛዝዎን ማፍረስ አልፈለግሁም።

3ኛ/ ከሁሉ የማይረሳኝ ለባለቤቴ ለጓድ ሰብስቤ ያሳዩት አክብሮት ነው። በገዛ እግሩ መጥቶ እኔንም መርምሩኝ ሲልዎ ከወንበርዎ ብድግ ብለው፣ የቀበሌ ሊቀመንበርን በእንዲህ ያለ ነገር መጠርጠር የአብዮቱን አመራር መጠርጠር ነው አሉ። እሱ ሸሚዙን ሲፈታ እርስዎ መልሰው ሲቆልፉለት፣ እሱ ሲለምን እርስዎ ሲምሉ ሲገዘቱ፣ እኔ አልጋው ላይ ተጋድሜ ጣሪያ ጣሪያውን አይ ነበር። በመጨረሻ ለእሱ ሻይ፣ ለእኔ መርፌ አዘዙ።

4ኛ/ ይህ ስለ መርፌው ነበር። ተቀምጦ የሚጻፍ ስላልሆነ ትቼዋለሁ።

ጓድ ዶክተር፣ ቀልዱ እዚህ ላይ ይብቃኝ። አማቴ እማማ ዘውድነሽ በዚያ አዳራሽ ቃልዎን ከሰሙ ወዲህ ከሁሩታ አማረች የምትባል ልጅ ለልጃቸው አጭተዋል። ከፋሲካ በኋላ እኔ ልወጣ፣ እሷ ልትገባ ነው። ቢጨንቀን እኔና ሰብስቤ ለማንም ሳንናገር አዲስ አበባ ሄደን ሁለታችንም ተመረመርን። እኔ ምንም አልተገኘብኝም። ሕመሙ ያለው እሱ ጋ ነው፤ ይድናል ተብሎ መድኃኒት ጀምሯል። ይህንን ለአማቴ ብነግራቸው፣ የማላውቀውን ሐኪም አላምንም፣ የኛው ዶክተር በአፉ ይንገረኝ አሉኝ። ሰብስቤም ቢሆን፣ ቀበሌውን የሚያንቀጠቅጥ ሰውዬ፣ እናቱ ፊት ሲቆም ድምፁ ድራሹ ይጠፋል። በአፉ መናገር ቢያቅተው ነው በዚህ ወረቀት ላይ ማኅተሙን በራሱ እጅ የመታበት። ሲመታው ሳየው አንጀቴን በላው። እወደዋለሁ፤ ከቤቴም መውጣት አልፈልግም።

ስለዚህ በመጪው እሑድ ስብሰባ፣ በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ጎላ ባለ ድምፅዎ፣ ባልየውን ሳልመረምር በሚስቲቱ ፈርጃለሁ ብለው ግለ ሂስ እንዲያደርጉልኝ እለምንዎታለሁ። የማይመችዎ ከሆነ ግን አማረች ለከርሞ እዚያው አልጋ ላይ መተኛቷ አይቀርምና፣ እሷ መቀቀል ያለባት ከመርፌው በፊት ይሁን ወይስ በኋላ የሚለውን ከወዲሁ ያስቡበት።

በአንድ ወር ውስጥ በርዳም ግላም የተገኘችው፣ እግሯን እስክትታዘዝ ድረስ የማታወርደው ታካሚዎ፣
ሸዋወርቅ
ናዝሬት፣ መጋቢት 1974 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ አዲስ አበባ ተራ ስንጠብቅ ከጎኔ የተቀመጡት ሴት ባለቤትዎ ወይዘሮ ሙሉብርሃን ሆነው ተገኙ። እሳቸውም በእርስዎ ትእዛዝ እግራቸውን ሲሰቅሉ ስንት ዓመታቸው መሰለዎ! ሰላም በይልኝ ብለውኛል፤ አንዲት ጥያቄም እዚሁ ግድግዳ ላይ እንድጽፍላቸው አደራ ብለውኛል። እርስዎ ሊቀመንበር አይደሉም፤ ታዲያ እስከ ዛሬ ያልተመረመሩት ለምንድን ነው?