ያልታደሰው ጣራ

ልጄ ጂንፓቺ፣ የኢጋ ተራሮች አማልክት ይጠብቁህ፤ በሰው አገር ጤናና ሞገስ አይንሱህ። እኛ ደህና ነን። አኩሪ አተሩ ዘንድሮ ጥሩ ይዟል። ጉልበቴንም ተሽሎኛል። አንተስ ደረትህን ትሸፍናለህ?

አባትህ ከጌታችሁ ግንብ ተመልሷል። እንዳንተው የስለላ መሐላውን ወረቀት አቃጥለው አመዱን በውሃ አጠጥተውታልና ያየውን አይናገርም። እኔም አልጠየቅሁትም። ግን በረዶው ሳይመጣ የጣራውን ሣር መቀየር ሲገባው ተወው።

ጎረቤታችን ኦቶራ አይታ ሳቀችበት። «መምህር፣ ሣሩ ታጭዶ ተከምሮ የለም እንዴ? እርጅና ነው ስንፍና?»

«ዘንድሮ ይቅር» አላት።

«የኔንስ ልተወው?»

የሷን ጣራ ቀና ብሎ አየና «ተዪው» አላት።

ሳቋን አቆመች። የቤትን ዕጣ ከጣራው ማንበብ ያስተማራት እሱ ነው፤ መንደሩ በሙሉ የሱ ተማሪ ነው። በማግስቱ ሰው ሁሉ ሩዙንና ልጆቹን ይዞ ወደ ተራራው ወጣ።

አባትህ «መሐላዬን አፍርሻለሁ፤ ከጌታዬ ሸሽቼ ደግሞ አልደበቅም» ብሎ ቀርቷል። እኔም አብሬው ቀርቻለሁ። አልፈራሁም፣ አላለቀስኩም። ሩዝ እቀቅላለሁ፤ እሱ አይበላም፤ ሳህኑን አነሳለሁ።

የጌታችሁ ጦር ወደ መንደራችን ሲነሳ መንገድ የሚያውቅ ተብለህ እንደምትጠራ አውቃለሁ። እምቢ በል አልልህም፤ አንተም አመዱን ጠጥተሃል። ዕድሜህ ይርዘም፣ ወልደህ ሳም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፦ የእኛን በር ሌላ ሰው ያንኳኳው።

እናትህ