ሁለት ፓኬት በአንድ ትንሽ ሃይላንድ

ለልጄ ለወንጌላዊት፤

አደራ ብለሽ የሰጠሽኝን ልጅሽን ሕሊናን ያሳጣን አጎትሽ ደመላሽ ነው። ከሰላምታ በፊት ይህን ማስቀደሜ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ሰላምታውን ካስቀደምሁ ግን እንደገና እፈራለሁ። እንዴት ነሽ ልጄ? የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ? በሰው አገር እህል ይወርድልሻል? እንቅልፍስ? እኔ፣ መተንፈስ ጤና ከተባለ፣ ደኅና ነኝ።

ስልኩ በእሱ ቤት ስለሆነ እውነቱን ልነግርሽ አልቻልሁም። ድንገት ታማ አረፈች ያለሽ እሱ ነው፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ አለቀስሁ እንጂ አላረምሁትም። ደብዳቤውንም እስከ ዛሬ የሚጽፍልኝ እሱ ነበር። ይህኛው የራሴ እጅ ነው፤ ፊደሉ ቢንጋደድ ታገሺኝ።

ነሐሴ ላይ ሕሊናን ተቅማጥ ያዛት። ከጤና ኬላ ኦ አር ኤስ የሚሉትን፣ በውኃ የሚበጠበጠውን ዱቄት፣ አራት ፓኬት ሰጡኝ። ጽሑፉን በጣቴ እየተከተልሁ አነበብሁት፤ አንዱ ፓኬት በአንድ ሊትር ውኃ ይላል። ትልቁን ሃይላንድ ስሞላ አጎትሽ ገባና ሳቀ። ቀጭን ጠላ ለእንግዳ እንኳ አይቀርብም፣ ለታመመች ልጅ እንዲህ ያለ ውኃ ውኃ የሚል ነገር ታጠጫለሽ ወይ አለኝ። ተጽፏል ብዬ ብነግረው፣ ትናንት ሀ ሁ ቆጥረሽ ዛሬ መሪጌታ ሆንሽብን አለና ሁለቱን ፓኬት በትንሹ፣ በግማሽ ሊትሩ ሃይላንድ በጠበጠው። ለልጅ ልጇ ሰሰተች እንዳልባል ትልቁን ሃይላንድ አስቀመጥሁት። እሱ በጠበጠ፣ እኔ አጠጣሁ። ውኃ፣ ውኃ ትለኛለች፤ እኔ ያንኑ እደግምላታለሁ። በማግስቱ ምላሷ እንደ ቆዳ ደረቀ፣ ሰውነቷ ተንቀጠቀጠ። ይዣት ማርቆስ ሆስፒታል ሮጥሁ።

ሐኪሟ ስንት በስንት እንደበጠበጥነው ጠየቀችኝ። ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሰውነታችን ዓይን ከማያያቸው ሕዋሳት የተሠራ ነው፣ እያንዳንዱም ስስ ቆዳ አለው አለችኝ። ውኃ በዚያ ቆዳ ያልፋል፤ ጨው ግን እንደ ልቡ አያልፍም፤ ስለዚህ ውኃው ጨው ወደበዛበት ይሄዳል። በልኩ ቢሆን ጨውና ስኳሩ ተያይዘው ከአንጀቷ ሲገቡ ውኃውም ይከተላቸው ነበር። ሲበዛ ግን በሕዋሷ የቀረውንም ስቦ አወጣው። ለቋንጣ ጨው ስነሰንስ ሥጋው ውኃ ሲያዥ አርባ ዓመት አይቻለሁ፤ አርባ ዓመት፣ ወንጌላዊት! ለምን ብዬ አልጠየቅሁም።

እንግዲያው ንጹሕ ውኃ ቶሎ ስጧት ብዬ ጮህሁ። ሐኪሟ እጄን ያዘችኝ። የተጨማደደው ሕዋስ ውኃ ባንዴ ከገባበት ያብጣል፣ አንጎሏ ካበጠ አትተርፍም፣ ቀስ በቀስ ነው አለች። ሁለት ቀን ጠብታውን ሳይ ተቀመጥሁ። በሦስተኛው ቀን ጠብታው ይወርዳል፤ እሷ የለችም።

አጎትሽ በድንኳኑ የእግዜር ፈቃድ ነው እያለ ሰውን ሲያጽናና ዋለ። ፈቃዱ ፓኬቱ ላይ ተጽፎ ነበር፤ አንብቤዋለሁ። አንብቤ በመተዌ ብትረግሚኝ አልቀየምሽም።

አባትሽ ኪዳነ ማርያም በእግዜር ስም ሰላም ይልሻል፤ ጉልበቱ ደክሟል። እህትሽ አመተ ሥላሴ ዓይንሽን ትስማለች። ይህን ላደረሰችልሽ ለሥራነሽም ምስጋናዬን ንገሪልኝ። አጎትሽ ወረቀት ይዤ አይቶኝ የእኔንም ሰላምታ ጨምሪልኝ ብሎኛል። ከእንግዲህ የእሱን ቃል ለማንም አላደርስም።

እናትሽ የብርጓል
ደምበጫ፣ ኅዳር 14 ቀን 2015 ዓ.ም.