ጸበል የጠጣው ድንጋይ

ውድ ዳግማዊት፣

ስደውልልሽ ስልኩን ትዘጊዋለሽ። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ። ደብዳቤ ጆሮ ላይ አይዘጋም። ብትቀዳድጂውም ወሬው ስለሚያጓጓሽ መልሰሽ ትገጣጥሚዋለሽ፤ አንቺን አውቅሻለሁ።

የምታደርስልሽ ጎረቤቴ ዮሃና ናት፤ ለሥልጠና አዲስ አበባ ስትሄድ ደብረ ብርሃን ትወርድልኛለች። በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አብራ ትሰጥሻለች። ምን እንደሆነ ገብቶሻል። አደራ፣ ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ እንዳትፈቺው።

ወሬውን የሰማሁት ከሽሬ ስመለስ ነው። ጥሩ ሰንፔር ወጥቷል ሲሉኝ ጊዜ ሄጄ ነበር፤ መቼም የኔን ድንጋይ ወዳድነት ታውቂዋለሽ። እኔ ድንጋይ ፍለጋ ስዞር እናንተ እዚህ በድንጋይ ተጣልታችሁ ጠበቃችሁኝ። ገና ቦርሳዬን ሳላወርድ ዮሃና በሩ ላይ፣ “ሰምተሻል? ዳግማዊት እጮኛዋን ሓፍቶምን ተወችው! ለቀለበቷ ያመጣላት ኦፓል ብርጭቆ ሆኖ ተገኘ” አለችኝ። ብርጭቆ! እኔ የመረጥኩት ድንጋይ!

እንዴት እንደተገዛ ልንገርሽ። ሓፍቶም ዓይናለም ካሉት የውሃ ጉድጓዶች ሥራ ወጥቶ፣ ጫማው ጭቃ እንደያዘ፣ ሓወልቲ ሰፈር ወደ ድንጋይ ነጋዴው ይበልጣል ሱቅ ይዤው ሄድኩ። ይበልጣል የወሎ ሰው ነው፤ ኦፓሉን ከደላንታ ያመጣል። የሓፍቶም ዓይን፣ ተቆርጦ በተወለወለው ድንጋይ ላይ ቀረ። “ይሄ ይሻላል፤ ያለቀለት ነው” ይለኛል። እኔ ደግሞ፣ “ያለቀለት ለሚቸኩል ሰው ነው። ጥሬውን ግዛ፣ ቅርጹን እሷ ትምረጥ” አልኩት። ይበልጣል ከረጢቱን ገልብጦ አፈር የለበሱ ቡናማ ድብልብሎች ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ።

“እንዴ! ድንች ነው እንዴ የምትሸጠው?” አለ ሓፍቶም።

“አንተ ሰውየ፣ ይኸን ድንች የወሰድህላት ሴት ዕድሜ ልኳን ትመርቅሃለች” አለው ይበልጣል እየሳቀ።

በአንድ ጎኑ ልጡ የተነሣለትን አንሥቼ ደጅ ወጣሁ። ጥሬ ኦፓል በሱቅ መብራት አይገዛም፤ የሱቅ መብራት ሁሉንም ያሳምራል። ፀሐይ ላይ አገላበጥኩት፣ ጥላ ውስጥ አገላበጥኩት፣ ስንጥቅ እንዳይኖረው ከኋላው በባትሪ አበራሁበት። በቀዩና በአረንጓዴው መካከል አንድ ብርቱካንማ ነበልባል አለው፤ ሲያዞሩት ይሸሻል፣ ሲመልሱት ከች ይላል። ሓፍቶም ሲያየው ቆየና፣ “ኣሪያም ሓፍተይ፣ ይሄ ድንጋይ እሷን ይመስላል። ዝም ብላ ቆይታ ድንገት ትስቃለች” አለኝ። ይህን ነግሮሻል? አልነገረሽም። የሱ ነገር እንዲህ ነው፤ ላንቺ መንገር ያለበትን ለሌላ ሰው ይነግራል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ከዚህም ከዚያም ጠይቄ አጣርቻለሁ። እናትሽ እትዬ ሸዋወርቅ ለቀለበቱ ሥነ ሥርዓት ከደብረ ብርሃን መጥተዋል። ድንጋዩን አዩ፣ ወደዱ፣ ሳሙት። “ሳይባረክማ ጣትሽ ላይ አይወጣም” ብለው፣ ይዘውት ከመጡት ጸበል በብርጭቆ ቀድተው ከተቱት። እዚያው አደረ። ሲወጣ ነበልባሉ የለም፤ እንደ ጠርሙስ ስባሪ ወዲያ ማዶ ያሳያል። እናትሽ አማትበው፣ “ጸበል አይዋሽም! ሐሰቱን ገለጠው” አሉ። አንቺም አመንሽ። ሓፍቶምን ጠርተሽ ድንጋዩን እጁ ላይ አስቀመጥሽና፣ “ሌላም የደበቅከኝ ካለ ጸበሉ አላለቀም” አልሽው። የኔ እናት፣ ምላስሽ! እሱ ድንጋዩን በወረቀት ጠቅልሎ ወጣ። መውጣቱን እንደ ጥፋት ቆጥረሽበት ሻንጣሽን ይዘሽ ከእናትሽ ጋር ሄድሽ። አሁን ደግሞ ከመቐለ ጨርሳ ልትዘዋወር ጠይቃለች ይላሉ፣ አብረውሽ የሚያስተምሩት።

እኔን አንድ ሰው ቢጠይቀኝ ኖሮ!

ሓፍቶምን ሥራ ቦታው፣ የውሃ ፓምፑ አጠገብ አገኘሁት።

“ድንጋዩ የታለ?”

“መኪናው መሳቢያ ውስጥ። ከዚያን ቀን ወዲህ አልነካሁትም።”

“አምጣው።”

“ኣሪያም፣ በጃኺ፣ ተይኝ።”

አልተውኩትም። ራሴ አውጥቼ ወረቀቱን ስፈታው፣ ዳጊ፣ ነበልባሉ ፊቴ ላይ በራ! ቀዩም፣ አረንጓዴውም፣ ያ ብርቱካንማውም። ሳቅኩ። ሓፍቶም የማሾፍበት መስሎት ሊቆጣ መጣ፤ ሲያየው ግን ባለበት ደርቆ ቀረ።

“ማን ቀየረው?”

“ማንም። ደረቀ።”

የደላንታ ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ሲጠግብ እንደ ብርጭቆ ይሆናል፣ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። ወዲያው ውሃ ውስጥ ጨምሬ አሳየሁት፤ ዓይናችን እያየ ነበልባሉ ቀስ እያለ ጠፋ። ከተማውን ሙሉ ውሃ ሲያጠጣ የኖረው ሰውዬ፣ ውሃ የሚጠጣ ድንጋይ ሲያይ “ዋይ ኣነ!” ብሎ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

“እና ጸበሉ ዋሽቷል ልትይ ነው?” አለኝ ፈራ ተባ እያለ።

“ጸበሉ ምን አለ? የተናገሩት ሰዎች ናቸው።”

በል አሁን ደውልላት አልኩት። አልደውልም አለ። “ለድንጋዩ ሙሉ ሌሊት ሰጥታዋለች። ለኔ አንድ ጥያቄ እንኳ አልሰጠችኝም።” ይህን ሲል ቁጣ የለበትም። ያ ነው ያስፈራኝ።

ወዳጅሽ ነኝና ፊት ለፊት ልንገርሽ፤ እዚህ ላይ ልክ ነው። እትዬ ሸዋወርቅን አልወቅስም። ክፉ የሚያስብ ሰው ድንጋይ ስሞ ጸበል ውስጥ አይከትም፤ ደግሞም ሓፍቶምን የሚያውቁት ገና አሁን ነው። አንቺ ግን ታውቂዋለሽ። ውሃ ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ እየሰደበው እንኳ፣ ለመገላገል ብሎ “ነገ ይመጣል” የማይል ሰው እኮ ነው!

አሁን ፍቺው። መስኮት አጠገብ ቆመሽ እዪው። ከዚያ እናትሽን ጥሪያቸውና በገዛ እጃቸው፣ በገዛ ጸበላቸው፣ እንደገና ይክተቱት። ብርጭቆ ይሆናል፤ አትደንግጪ። ስታወጪው ደረቅ ጨርቅ ላይ፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጪው። ይድረቅልኝ ብለሽ ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ እንዳታደርጊው፣ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ ደመና ይለብሳል፤ ያኔ “ይኸው፣ ጭራሽ ተበላሸ” ትያለሽ። አልተበላሸም። ቀናት ይፈጃል እንጂ ይመለሳል፤ በዚህ አልሳሳትም።

ቀለበቱን አልላክሁልሽም። የድንጋዩ መቀመጫ ገና አልተሠራለትም፤ ቅርጹን አልመረጥሽማ። ወርቅ ሠሪው ኣረጋዊ፣ “ከቀረ ላቅልጠው?” ቢለው ሓፍቶም፣ “ማን ቀረ አለህ?” ብሎ ከእጁ ነጥቆት መጣ። አሁን መኪናው መሳቢያ ውስጥ፣ ድንጋዩ የነበረበት ቦታ ተቀምጧል። ይህን ጥቅል ሳዘጋጅም ድንጋዩን በጥጥ ልጠቀልል ስል፣ ሓፍቶም “ጥጥ እርጥበት ይይዛል” ብሎ በራሱ መሐረብ ጠቀለለው። ንገሪያት አላለኝም። አትንገሪያትም አላለኝም።

እንግዲህ አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ድንጋዩን ከጸበሉ ስታወጪው፣ ገና እንደ ብርጭቆ ሆኖ ሳለ፣ ያኔ ደውዪለት። ቀለሙ እስኪመለስ አትጠብቂ። ቀለሙን አይተሽ ከደወልሽ ያመንሽው ድንጋዩን ነው።

መሐረቡን ደግሞ በሰው እንዳትልኪ። ራስሽ ይዘሽው ነይ።

ያንቺው ኣሪያም
ከዓዲ ሓቂ፣ መቐለ