ከሁለት ተራራ የታየው ነጥብ፦ የሻምበል በሺር ይማም የሕይወት ታሪክ

ሻምበል በሺር ይማም ከአባታቸው ከሼህ ይማም አሊ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘሀራ ሰይድ በ1948 ዓ.ም. ሐርቡ አጠገብ ተወለዱ። ቁርኣንን ከአባታቸው ዘንድ ተማሩ፤ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በሐርቡ፣ ሁለተኛ ደረጃውን በደሴ ተከታተሉ። አባታቸው ልጃቸው ሼህ እንዲሆንላቸው ቢመኙም፣ እሳቸው በ1967 ዓ.ም. በአየር መከላከያ ተቀጥረው በራዳር ሙያ ሠለጠኑ።

የራዳር ሥራቸውን ለእኛ ለቤተሰቦቻቸው ሲያስረዱ አይሰለቹም ነበር። መሣሪያው ወደ ሰማይ ጨረር ይልካል፤ ጨረሩ አውሮፕላን ነክቶ ሲመለስ በመሣሪያው የመስተዋት ገጽ ላይ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ብዙ አውሮፕላኖችን በአንድ ጊዜ መከተል ራሱ ከባድ ነው። ከዚያ የሚብሰው ግን ከአውሮፕላኖቹ አንዱ በጫነው የማደናገሪያ መሣሪያ ጨረሩን ተቀብሎ፣ አስመስሎና አዘግይቶ ሲመልሰው ነው። ያን ጊዜ መስተዋቱ በሌሉ አውሮፕላኖች ይሞላል። የሐሰቱ ነጥብ ከእውነተኛው ደምቆ መታየቱ እስከ መጨረሻው ያስገርማቸው ነበር።

በ1973 ዓ.ም. ወይዘሮ ሐዋ ሙሄን በወግ በማዕረግ አግብተው ፈትሂያንና ሙንዚርን ወለዱ።

በ1975 ዓ.ም. በተደረገ አንድ የአየር ልምምድ ላይ የማደናገሪያውን መሣሪያ የጫነው አውሮፕላን ሬዲዮው ተበላሸ። ነዳጁ እያለቀ ነበር፤ አብራሪው በደመና ላይ አቅጣጫ ጠፍቶበታል፤ ያለ ሬዲዮ መሣሪያህን አጥፋ ሊለው የሚችል አልነበረም። ሌላ አውሮፕላን ሄዶ እየመራ ሊያወርደው ይገባል፤ ግን ከዚያ ሁሉ ነጥብ የትኛው ነው እሱ? አለቆች ወደ ደማቁ ይላክ አሉ። ሻምበል በሺር ጥቂት እንዲታገሷቸው ለመኑና ስልኩን አንስተው እሳቸው ካሉበት ማዶ በሌላ ተራራ ላይ ራዳር ይከታተል የነበረውን ባልደረባቸውን፣ የቦሩ ሜዳውን ልጅ ቀለሙን፣ ከአንተ በኩል የሚታየው የት የት ነው ብለው ጠየቁት። ሐሰቶቹ ነጥቦች ከዚህ ተራራ ሲታዩ ሌላ ቦታ፣ ከዚያኛው ሲታዩ ሌላ ቦታ ነበሩ። አንዲት ደብዛዛ ነጥብ ብቻ ከሁለቱም ተራሮች በአንድ ቦታ ታየች። መሪው አውሮፕላን ወደ እሷ ተላከ። አብራሪው በሰላም አረፈ። ሻምበል በሺር ይህን በተናገሩ ቁጥር ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር፤ ጀብዱ ሠራሁ አላሉም፤ አላህ እውነትን ከሁለት ወገን እንድትታይ አድርጎ ፈጠራት ይሉ ነበር።

በ1983 ዓ.ም. ከሠራዊቱ ከተሰናበቱ በኋላ በደሴ ሰኞ ገበያ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እየጠገኑ ልጆቻቸውን አሳደጉ። ከዚያም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ጠዋት ጠዋት በሐረጎ መንገድ በሚኒባስ እየወረዱ ኮምቦልቻ በሚገኝ የሙያ ማሠልጠኛ ኤሌክትሮኒክስ አስተማሩ። ልማዳቸው ከሥራ አልፎ ቤት ገብቶ ነበር። ነጋዴ ወላሂ ብሎ ቢምልላቸው እንኳ የገበያው ሌላኛው ጫፍ ሄደው ሳይጠይቁ አይገዙም፤ ወይዘሮ ሐዋም ማሽላ ግዙ ብዬ ብልክ በራዳር ሊያመጡልኝ ነው እያሉ ይስቁባቸው ነበር። ልጆች ተጣልተው ሲመጡም ሁለቱንም ሳይሰሙ ፈርደው አያውቁም።

በ2014 ዓ.ም. ታመሙ። ሕመሙ የአንጎል ሆኖ፣ የሌሉ ሰዎችን የሚያሳይ ነበር። ሟች ወንድማቸው በር ላይ ቆሞ፣ የማያውቋቸው ሰዎች መደብ ላይ ተቀምጠው ያዩ ነበር። እኛ ስንደነግጥ እሳቸው አልደነገጡም። ወይዘሮ ሐዋን ከክፍሉ ማዶ አስቀምጠው፣ ከአንቺ በኩል ይታያል ወይ ብለው ይጠይቃሉ። አይታየኝም ካሏቸው፣ እሺ ብለው ይተዉታል። ዓይኑ እየዋሸው እንዲህ በእርጋታ የኖረ ሰው አላየንም። የሚፈሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንድ ቀን ሐዋን ራሷን ከሌሉት ጋር እንዳይቆጥሯት። ይህን ለፈትሂያ ሲነግሯት አልቅሰዋል።

በመጨረሻው ሳምንት መናገር ትተው ነበር። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ከአሱር ሶላት በኋላ፣ እጃቸውን የያዙትን ወይዘሮ ሐዋን እንደማያውቋቸው ሆነው ትኩር ብለው አዩአቸው። የፈራነው ደረሰ አልን። እሳቸው ግን ቀስ ብለው በአልጋው ማዶ ወደ ቆመችው ልጃቸው ዞሩ።

«ፈትሂያ፣ ከአንቺ በኩል ትታያለች?»

«ትታየኛለች፣ አባ።»

«ሁለታችንም ካየናት፣ አለች» አሉ፤ እጃቸውንም የሐዋ እጅ ላይ አጥብቀው ጨበጡ። ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አልተናገሩም። ከመግሪብ በፊት፣ በተወለዱ በ69 ዓመታቸው፣ ወደ አኼራ ሄዱ።

ሻምበል በሺር ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሐዋን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። ጓደኛቸው አቶ ቀለሙም ዛሬ በመካከላችን ተቀምጠዋል።

ሁላችንም ከአላህ ነን፤ ተመላሾችም ወደ እሱ ነን። አላህ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፣ ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቃቸው። ከእኛ በኩል ከእንግዲህ አይታዩም፤ ከእሱ በኩል እንደሚታዩ ግን አንጠራጠርም። አሚን።